ሥራው ሲቀር የቀሩ ቃላት፦ የላ ፍራንዣ ደራስያንና ገጣምያን

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ ስለምናገርለት የስፔን ምድር፣ ስለ ላ ፍራንዣ፣ ከስሙ ልጀምር፤ ስሙ ራሱ የጉዳዩን ግማሽ ይናገራልና። «ፍራንዣ» በካታላንኛ ዘርፍ ማለት ነው፤ በልብስ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ወይም በአንድ ሰፊ ነገር ዳር በቀጭኑ የሚዘረጋው። ሙሉ ስሙ «የምዕራቡ ዘርፍ» ይባላል። ምዕራብ የሚሆነው ግን በካታሎንያ ዋና ከተማ በባርሴሎና ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው። ከአራጎን ዋና ከተማ ከሳራጎሳ ለሚያይ ያው ምድር ምሥራቅ ነው፤ ስለዚህም የአራጎን ሰዎች ብዙ ጊዜ «ምሥራቃዊ አራጎን» ይሉታል። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀው ገበሬ ደግሞ ሁለቱንም አይልም። የመንደሩን ስም ብቻ ይጠራል።

ላ ፍራንዣ ከፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ በስተ ደቡብ እስከ ማታራኛ ወንዝ ሸለቆዎች የሚወርድ ቀጭን መሬት ነው። በአስተዳደር የአራጎን አካል ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ግን ከድንበሩ ማዶ ካለው ከካታሎንያ ሕዝብ ጋር አንድ ነው። ነዋሪው ከ50 ሺህ አይበልጥም። ወሰኑ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ14ኛው መባቻ ገደማ ሲካለል፣ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ንጉሥ ሥር ስለ ነበሩ፣ መስመሩ በየትኛው መንደር በኩል ማለፉ ለተራው ሰው ያን ያህል አላስጨነቀውም ይሆናል። ከብዙ ትውልድ በኋላ ግን ያ መስመር ልጁ በትምህርት ቤት በምን ቋንቋ እንደሚማር፣ አባቱም ለሚናገረው ቋንቋ ምን ስም እንደሚሰጥ የሚወስን ሆነ።

ስም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በፍራጋ ከተማ አንድን ሽማግሌ ምን ቋንቋ ይናገራሉ ብትሏቸው «ፍራጋኛ» ብለው ሊመልሱላችሁ ይችላሉ። ሌላው «ቻፑሪያው» ይላችኋል፤ የተደበላለቀ፣ የተበላሸ ንግግር እንደ ማለት ነው። ሰው የእናቱን ቋንቋ በስድብ ስም የሚጠራው ለብዙ ዘመን ሌላ ስም እንዳይኖረው ሲደረግ ነው። በ2013 (ዘመኑን ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር እጠራለሁ) የአራጎን ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ካታላንኛ የሚለውን ቃል ላለመጥራት ሲል ቋንቋውን «በምሥራቁ አካባቢ የሚነገር የአራጎን የራስ ቋንቋ» ብሎ ሰየመው። ተቃዋሚዎች የስያሜውን የመጀመሪያ ፊደላት አገጣጥመው «ላፓኦ» አሉት፤ አገሩ ሁሉ ሳቀበት። ከሦስት ዓመት በኋላ የቀድሞው ስም ተመለሰ። ይህን ያነሣሁት ለቀልድ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠራቸው ሰዎች ሁሉ የጻፉት፣ የሚጽፉበት ቋንቋ ምን እንደሚባል እንኳ በሚያከራክርበት ምድር ላይ ተወልደው መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

ስለ እነዚህ ደራስያን ሲወራ የሚቀርበው የተለመደ ማብራሪያ አንድ ነው፦ ድንበር ላይ የተወለደ ሰው ማንነቱ ስለሚያስጨንቀው ይጽፋል ይባላል። ይህ ማብራሪያ አያሳምነኝም። መጻሕፍቱን ገልጦ ላየ ሰው ማንነት የሚለው ጉዳይ እምብዛም አይገኝባቸውም። የሚገኘው ሥራ ነው። መርከብ መጎተት፣ ከሰል መቆፈር፣ ስንዴ ማጨድ፣ ኮክ መልቀም። የእኔ ንባብ እንዲህ ነው፦ የላ ፍራንዣ ጸሐፊዎች፣ ቢያንስ ታላላቆቹ፣ ብዕራቸውን የሚያነሡት አንድ ሥራ ካለቀበት ቦታ ነው። ሥራው ሲቀር መሣሪያው ይዝጋል፤ ሰዉ ይሰደዳል፤ የሥራው ቃላት ግን ለጥቂት ጊዜ በሽማግሌዎች አፍ ላይ ይቆያሉ። ጸሐፊው የሚደርሰው በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት አንድ የተሳሳተ ግምት ላስወግድ። አካባቢው ፊደል ያልነካው የገበሬ አገር ብቻ አልነበረም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የማኤያ መንደር ደብር አለቃ የነበረው ጊየም ኒኮላው የሮማዊውን ባለቅኔ የኦቪድን «ኤሮይዴስ» ወደ ካታላንኛ የተረጎመ ካህን ነው። ኋላ ግን የጽሕፈት ቋንቋነቱን ቦታ ስፓኒሽ ወሰደ። በ1791 በማታራኛ አካባቢ በፎርኖልስ መንደር የተወለደው ብራውሊዮ ፎስ በ1844 ያወጣውን ታዋቂ ልብ ወለድ «የፔድሮ ሳፑቶ ሕይወት»ን የጻፈው በስፓኒሽ ነው፤ የዘመኑ የተማረ ሰው ሌላ ምርጫ አለኝ ብሎም የሚያስብ አልነበረም። በኒኮላውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎች መካከል ያለው ርቀት እንግዲህ ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ መኪነንሳ እንሂድ። ጊዜዬን አብዛኛውን እዚያ ባጠፋው ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

መኪነንሳ ኤብሮ የተባለው ታላቅ ወንዝ ከሴግሬ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የተመሠረተች ከተማ ነበረች፤ ሲንካ የተባለውም ወንዝ ወደ ሴግሬ የሚገባው እዚያው አጠገብ ነው። በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ሊግናይት የሚባለው ቡናማ የከሰል ድንጋይ ይወጣ ነበር። ከሰሉ ከማዕድን ጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ገበያ የሚወርደው በወንዙ ላይ፣ «ልያውት» በሚባሉ ከእንጨት በተሠሩ መርከቦች ነበር። ይህን ቃል በአማርኛ ለመተርጎም ብዙ ሞክሬ ተውኩት። «ታንኳ» ብል የጣና ደንገል በዓይናችሁ ይመጣል፤ ልያውት ግን ሸራ ያለውና ብዙ ቶን የሚጭን የወንዝ መርከብ ነው። «መርከብ» ብል ደግሞ ከባሕር ጋር ይምታታል። ስለዚህ ልያውት ብዬ እቀጥላለሁ።

ልያውት ሲወርድ ወንዙ ያግዘዋል። ሲመለስ ግን ወንዙ ይቃወመዋል፤ ነፋስ ከሌለ ደግሞ ሸራው ከንቱ ነው። ያን ጊዜ ሰዎች ወደ ዳር ወርደው ረጅም ገመድ በትከሻቸው ላይ ያደርጉና መርከቡን ሽቅብ ይጎትታሉ፤ ኋላም በቅሎዎች ይህን ሥራ ተረከቡ። ገመዱ «ሲርጋ» ይባላል። በወንዙ ዳር ጎታቾቹ የሚሄዱበት መንገድ «ካሚ ደ ሲርጋ»፣ ማለትም የመጎተቻው መንገድ ነው። ዤዙስ ሞንካዳ በ1988 ያሳተመው ታላቅ ልብ ወለድ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ሞንካዳ በ1941 በመኪነንሳ ተወለደ። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በአምባገነኑ በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን ካታላንኛ ከትምህርት ቤትም ከመሥሪያ ቤትም ተገፍቶ ስለ ነበር፣ ልጁ ቤት ውስጥ በሚናገረው ቋንቋ መጻፍን ከአስተማሪ ሊማር አልቻለም። በኋላ ባርሴሎና ሄዶ ሞንታኔር እ ሲሞን በተባለ ማተሚያ ቤት ሲሠራ ፔሬ ካልደርስን አገኘ። ካልደርስ ከሜክሲኮ ስደት የተመለሰ፣ በአጫጭር ልብ ወለዶቹ የታወቀ ጸሐፊ ነው፤ ወጣቱን እንዲጽፍ ያበረታታው እርሱ ነው። ሞንካዳ ሥዕልም ይስል ነበር፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ የብርሃንና የጥላ ዝርዝር የሚበዛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

በባርሴሎና እየኖረ ሳለ መኪነንሳ ጠፋች። ጠፋች ስል ቃል በቃል ነው። ኤኔር የተባለው የመንግሥት የኤሌክትሪክ ኩባንያ በ1960ዎቹ በኤብሮ ላይ ሁለት ትልልቅ ግድቦችን ሠራ፤ አንደኛው ከመኪነንሳ በላይ፣ ሁለተኛው ከታች በሪባ-ሮዣ። የታችኛው ግድብ ውኃ ወደ ኋላ ሲተኛ ፋዮን የተባለችውን ጎረቤት ከተማ ዋጣት፤ ዛሬም የቤተ ክርስቲያኗ የደወል ማማ ብቻውን ከውኃው ወጥቶ ይታያል። የመኪነንሳ ነገር ከዚህ ይለያል። ውኃው የሸፈነው የከተማዋን የታችኛውን ክፍል ብቻ ነው። ቀሪውን ያፈረሱት ሰዎች ናቸው። ነዋሪዎች በሴግሬ ዳር ወደ ተሠራው አዲስ ከተማ ሲዛወሩ አሮጌዎቹ ቤቶች በየተራ ተደረመሱ። የውኃ ጥፋት በአንድ ጊዜ መጥቶ ያበቃል፤ መኪነንሳ ግን ዓመታት እየወሰደች፣ ነዋሪዎቿ እያዩ፣ ቤት በቤት ነው የሞተችው። ልብ ወለዱም የሚጀምረው በ1970 ጸደይ የመጀመሪያው ቤት ሲፈርስ ነው።

ከዚያ ፍርስራሽ አቧራ ውስጥ የመቶ ዓመት ያህል ትዝታ ይነሣል። እዚህ ላይ የሞንካዳ ጥበብ መታየት አለበት። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል አይነግረንም። አንድ ግድግዳ ሲወድቅ የዚያ ቤት ሰዎች ይነሣሉ፤ አንድ የአልጋ ብረት ሲገኝ የዚያ አልጋ ጋብቻ ይተረካል። የማዕድን ባለቤቶቹ ቤተሰብ ወራሽ ካርሎታ ደ ቶሬስ አለች፤ ሀብቷ ከከሰሉና ከመርከቦቹ የመጣ ነው። አርኪሜደስ ኪንታና የተባለው ሽማግሌ የልያውት አዛዥ አለ፤ በ1860 በሞሮኮ ቴቱዋን የተደረገውን ጦርነት የሚያስታውስ። ኔልሰን የሚባለው መርከበኛም አለ፤ ወንዙን ከማንም በላይ የሚያውቅ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ወሬ ነው። አንድ ድርጊት በቡና ቤት አንድ ዓይነት ይተረካል፤ በገበያ ሌላ ዓይነት፤ በመርከብ ላይ ደግሞ ሦስተኛ። ሞንካዳ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለመፍረድ አይቸኩልም።

የከሰሉ ወርቃማ ዘመን በልብ ወለዱ ውስጥ ያለውን ቦታ ላንሣ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስፔን ገለልተኛ ነበረች። የእንግሊዝ ከሰል መምጣት ሲቸግር የመኪነንሳ ሊግናይት፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ ገዢ በዛለት። የማዕድን ባለቤቶቹ ከበሩ፤ ገንዘቡን በጌጥና በዳንኪራ ቤት በተኑት። ጦርነቱ ሲያበቃ ዋጋው ወደቀ፤ ሥራ ፈቱም በዛ። በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት የሚገደሉ ወታደሮች አንዲትን የወንዝ ዳር ከተማ ለጥቂት ዓመታት ሲያበለጽጉ የሚታይበት ይህ ክፍል፣ በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ መራራ ሳቅ ያለበት ነው። ከዚያም የእርስ በርሱ ጦርነት የጀመረበት 1936 ይመጣል፤ ከዚያም የ1938ቱ የኤብሮ ጦርነት፣ ወንዙ ራሱ የጦር ግንባር የሆነበት።

ብዙ ሰዎች ይህን ልብ ወለድ የናፍቆት መጽሐፍ ይሉታል። ሞንካዳ ግን የጠፋችውን ከተማ ውብ አድርጎ አላቀረባትም። በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሚሞቱ ሰዎች አሉ፤ ሀብታሞች የሚያደርሱት በደል አለ፤ የጎረቤት ክፋት አለ፤ የአሸናፊዎች በቀል አለ። የሚናፈቅ ነገር ካለ ትክክለኛ ቃል ነው። የመርከቡ እያንዳንዱ ክፍል፣ የነፋሱ እያንዳንዱ አቅጣጫ፣ በመርከቡ ላይ ያለ የእያንዳንዱ ሰው የሥራ ድርሻ ስም አለው፤ ደራሲውም ያን ስም ሳያብራራ፣ አንባቢው ከዐውዱ እንዲረዳው ትቶ ይጠቀምበታል። እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ነው፤ ተርጓሚዋ ከነዚያ ቃላት ጋር ስትታገል ከገጽ ገጽ ይሰማል። ከአሥር በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ እንግዲህ ወንዙን አይተው በማያውቁ አገሮች ሁሉ ተርጓሚዎች ለልያውት ስም ሲፈልጉለት ኖረዋል ማለት ነው።

ሞንካዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ሰው ግን ከትልቁ ልብ ወለድ ይልቅ የአጫጭር ታሪኮቹን መድበል እመክራለሁ። «የግራ እጅ ታሪኮች» በ1981 ወጣ፤ «የእንቁራሪቷ ቡና ቤት» ደግሞ በ1985። በሁለተኛው መድበል መንደርተኛው ቡና ቤት ተቀምጦ ይተርካል፤ ስለ ሞት፣ ስለ እግር ኳስ ግጥሚያ፣ ስለ ቀብር፣ ስለ ዕዳ። የቡና ቤት ተረት ብዙ ጊዜ ከወረቀት ላይ ሲሰፍር ይደርቃል፤ የሞንካዳ አይደርቅም፤ የተራኪውን ትንፋሽና አድማጭ የሚያቋርጥበትን ቦታ ስለሚያውቅ። በ1997 የወጣው «የተንቀጠቀጠች ትዝታ» ደግሞ በ1877 በአካባቢው ከደረሰ እውነተኛ ዘረፋና ግድያ ተነሥቶ፣ የገዳዮቹ ዘሮች ታሪኩ እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚጠይቅ ልብ ወለድ ነው። በእኔ ግምት ከትልቁ መጽሐፍ አያንስም፤ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የአራጎን መንግሥት ለሞንካዳ የ2004ን የአራጎን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሰጠው። በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ወር ባርሴሎና ውስጥ ዐረፈ። የዕድሜ ልክ ሥራውን በካታላንኛ የጻፈ ሰው በአራጎን መንግሥት ሲከበር፣ ያው አካባቢ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ «ላፓኦ»ን መፍጠሩ የዚያ አገር ፖለቲካ ነውና አልገባበትም።

መኪነንሳ በሥነ ጽሑፍ ብቻ አልተጠራችም። በየካቲት 1 ቀን 1984 የአካባቢው 17 ከንቲባዎች እዚያው ተሰብስበው ካታላንኛ በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ የሚጠይቅ መግለጫ ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት መጸው ላይ ትምህርቱ በፈቃደኝነት ተጀመረ። ከዚህ በኋላ ያደገው ትውልድ ቋንቋውን ከቡና ቤትም ከጥቁር ሰሌዳም ተምሯል። የመኪነንሳው ተወላጅ ገጣሚና የቋንቋ ተመራማሪ ኤክቶር ሞሬት ከሞንካዳ የሚያንስ በ17 ዓመት ብቻ ነው፤ ሥራው ግን የዚህ የሽግግር ዘመን ነው። ግጥሙ ቁጥብ ነው፤ በጥናቱ ደግሞ የአካባቢውን ጸሐፊዎች በማሰባሰብ ብዙ አገልግሏል።

ከወንዙ ተነሥተን ወደ ደቡብ፣ ወደ ማታራኛ ኮረብታዎች እንውጣ። እዚያ ወይራና ለውዝ፣ የድንጋይ ቤቶችና «ማስ» የሚባሉ ከመንደር የራቁ የገበሬ መኖሪያዎች አሉ። ፔና-ሮዣ በተባለች መንደር በ1937 ደዚደሪ ሎምባርቴ ተወለደ። በወጣትነቱ እንደ ብዙዎቹ ባርሴሎና ገብቶ በንድፍ ሠራተኛነት ኖረ። መጻፍ የጀመረው በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው፤ የሞተው በ1989፣ በ52 ዓመቱ። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ግጥም፣ ተውኔት፣ የመንደሩን ታሪክና ብዙ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከሥራዎቹ ብዙዎቹ የታተሙት ከሞተ በኋላ ነው። ጊዜ እንደሌለው ያወቀ ይመስላል፤ ይህን የምለው ግን ፍጻሜውን ስለማውቅ ሊሆን ይችላል።

ሎምባርቴ ያደረገው ነገር በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የባርሴሎና መጻሕፍት የሚጠቀሙበትን ካታላንኛ ያውቅ ነበር፤ ግን የመንደሩን አነጋገር መረጠ። በመጻሕፍት ቋንቋ «ኤል» የሚባለው መስተአምር (ከስም በፊት የሚገባው ትንሽ ቃል) በፔና-ሮዣ «ሎ» ነው፤ እርሱም «ሎ» ብሎ ጻፈ። ይህ የአንድ ፊደል ልዩነት ይመስላል። ሁልጊዜ «ቻፑሪያው» ሲባል ለኖረ ንግግር ግን ገጣሚው ያን «ሎ» በስንኝ ውስጥ ያለ ይቅርታ ሲያስቀምጠው፣ የፔና-ሮዣ አንባቢ የእናቱን አፍ በታተመ ወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ከግጥም መድበሎቹ አንዱ «ዓለምን ከሞሊናር ላይ ማየት» ይባላል፤ በርእሱ ውስጥ ያለው ግስ ከከፍታ ላይ አሻግሮ መመልከትን የሚናገር የአካባቢው ቃል ነው። የማስሙት ቋጥኞች፣ የቀይ ገደል ግድግዳና ጥንብ አንሣዎች የሚኖሩበት ቦታ፣ በግጥሞቹ ተደጋግመው ይመጣሉ።

ሎምባርቴም የሚጽፈው ስላበቃ ሥራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ማሶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ሰዉ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ወረደ። እርሱ ራሱ ከወረዱት አንዱ ነው። ግጥሙ ግን አያለቅስም። ብዙ ጊዜ ይቀልዳል፤ አንዳንዴ ከሞት ጋር እንኳ እንደ ጎረቤት ይነጋገራል። ስንኞቹ ለዜማ የተመቹ ስለ ሆኑ ዘፋኞች ዜማ ሠርተውላቸዋል፤ በአካባቢው የሚያውቁት ብዙዎች መጽሐፍ ገልጠው ሳይሆን ዘፈን ሰምተው ነው። የአራጎን መንግሥት በካታላንኛ ለሚሠሩ የባህል ሰዎች የሚሰጠው ሽልማትም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በዚሁ በማታራኛ፣ በካላሴይት፣ ቴሬሳ ጃሳ የተባለች የሸክላ ጥበበኛና ገጣሚ ነበረች፤ በ1928 ተወልዳ በ1999 ዐረፈች። ስለ እርሷ ብዙ መናገር አልችልም፤ ሸክላና ግጥም በአንድ እጅ መሠራታቸውን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግኩም። ካላሴይት ሌላም እንግዳ ታሪክ አላት፤ ታዋቂው የቺሊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆሴ ዶኖሶ በ1970ዎቹ እዚያ ቤት ገዝቶ ኖሯል። እርሱ ግን ለጸጥታው መጣ፤ የአካባቢው ቋንቋ የእርሱ ጉዳይ አልነበረም።

አሁን ወደ ሳይዲ። በሲንካ ወንዝ አጠገብ ያለች የገበሬ መንደር ናት፤ በ18 ዓመት ልዩነት ሁለት ጸሐፊዎችን አፍርታለች፦ መርሴ ኢባርስ በ1954፣ ፍራንሴስክ ሰሬስ በ1972።

ኢባርስ ጋዜጠኛና ልብ ወለድ ጸሐፊ ናት፤ የታላቋን የካታላንኛ ደራሲ የመርሴ ሮዶሬዳን ሕይወት ጽፋለች። በ1993 ያወጣችው «የተተወች ምድር» በዜና ዘገባና በልብ ወለድ መካከል የሚቆም መጽሐፍ ነው። ርእሱ የመጣው ከአውሮፓ የእርሻ ፖሊሲ ነው። ስፔን በ1986 የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል ከሆነች በኋላ፣ እህል ሲትረፈረፍ ገበሬው መሬቱን ሳያርስ እንዲተወውና ለዚያ ገንዘብ እንዲቀበል የሚያደርግ ሥርዓት መጣ። እንዲህ ያለው መሬት በሕጉ ቋንቋ «የተወገደ መሬት» ተባለ። አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ አርሰው የኖሩበትን መሬት አትረስ ተብሎ የሚከፈለው ገበሬ፣ ገንዘቡ ይደርሰዋል፤ ግን በማለዳ ተነሥቶ ምን ያደርጋል? ኢባርስ የምትጠይቀው ይህን ነው። እኔ ደግሞ በርእሱ ውስጥ ሌላ ነገር እሰማለሁ፤ «የተተወች» ብዬ የተረጎምኩት «ረቲራዳ» የሚለው ቃል በካታላንኛ በ1939 በእርስ በርሱ ጦርነት የተሸነፉት ሪፐብሊካውያን ወደ ፈረንሳይ የሸሹበት ታላቅ ስደት ስምም ነው። አንድ ቃል ሁለት ሽንፈት ይሸከማል። በቀጣዮቹ ዓመታትም ወደዚሁ ምድር ተመልሳለች፤ ሥራዎቹን በ2020 በአንድ ጥራዝ አሰባስባለች።

ከሞንካዳ ጋር ያላትን ልዩነት ልብ በሉ። መኪነንሳን ያጠፋት የኮንክሪት ግድብ ነው፤ ጠላቱ በዓይን ይታያል። ሳይዲን የለወጠው ከብራስልስ የመጣ ወረቀት ነው። መንደሩ ቆሟል፤ ቤቶቹ አልፈረሱም፤ ባዶ የሆነው የገበሬው ቀን ነው። ይህን ለመጻፍ የሚያስፈልገው ቋንቋ ሌላ ነው፤ ኢባርስም የሞንካዳን የተትረፈረፈ ዐረፍተ ነገር ትታ አጫጭርና ቀዝቃዛ ዐረፍተ ነገሮችን መረጠች። ይህ ምርጫ ትክክል ነበር።

ሰሬስ ከእርሷ በኋላ መጣ፤ በ2000 «የምድር ሆዶች» ብሎ የጀመረውን ሦስት ክፍል ያለው ሥራ በ2003 በአንድ መጽሐፍ አጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ የጻፋቸው ብዙ ናቸው፤ «የሩሲያ ተረቶች» የተባለው የ2009 መጽሐፍ ለምሳሌ እርሱ ራሱ የፈለሰፋቸውን የሩሲያ ደራስያን «የሚያስተዋውቅ» ጨዋታ ነው። ስለ ድንበሩ ሲነሣ ግን መታየት ያለበት በ2014 የወጣው «የድንበሩ ቆዳ» ነው። የሲንካና የሴግሬ ሸለቆዎች ዛሬ የኮክ፣ የፒርና የአፕል አገር ናቸው። ፍሬው በበጋ ሲደርስ የሚለቅሙ እጆች ያስፈልጋሉ፤ እነዚያ እጆች ከማግሬብ፣ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ ይመጣሉ። ሰሬስ ከእነርሱ ጋር ለዓመታት እየተገናኘ፣ በተጣሉ የእርሻ ቤቶች የሚያድሩትን፣ ወረቀት የሌላቸውን፣ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው በብስክሌት የሚዞሩትን ሰዎች መዘገበ።

ይህ መጽሐፍ ቀደም ብዬ ያነሣሁትን ሐሳብ ያወሳስበዋል፤ ደግሞም መወሳሰብ ይገባዋል። በሳይዲ ዙሪያ ሥራው አላለቀም። ሥራው አለ፤ የአገሬው ልጅ ግን ትቶታል፤ ሌላ ሰው ወስዶታል። የቅርንጫፉና የሣጥኑ ቃላት አሁን በወሎፍና በዐረብኛ እየተቀላቀሉ ይነገራሉ። ሰሬስ «ድንበር» ሲል የአራጎንና የካታሎንያ መስመር ማለቱ አይደለም፤ ያ መስመር ለማሊው ወጣት ትርጉም የለውም፤ ሁለቱም ጎን ያው ፍሬ፣ ያው ቀጣሪ፣ ያው ፖሊስ ነው። እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ፤ ሰሬስም የሸሸው አይመስለኝም፦ የሞንካዳ መርከበኞች ከራሳቸው መሐል ጸሐፊ አገኙ፤ የፍሬ ለቃሚዎቹ ታሪክ ግን ገና በራሳቸው እጅ አልተጻፈም። የተጻፈው በአገሬው ሰው ነው፤ ምንም ያህል ቅርብ ቢቀመጥ።

ወደ መኪነንሳ ተመልሼ ንግግሬን ላብቃ። አሮጌዋ ከተማ ዛሬ ፍርስራሿ ተጠርጎ ለጎብኚ ተከፍታለች። ግድግዳዎቹ ቁመታቸው ከጉልበት ብዙም አይበልጥም፤ የመንገዶቹ መስመር ግን ይታያል፤ የበሮቹ ደፎች አሉ፤ በሮቹ ግን አንድም አልተረፉም። ከታች የሪባ-ሮዣ ግድብ ውኃ እስከ ታችኛዎቹ ቤቶች ድረስ ደርሶ ቆሟል። ሳይፈርስ የተረፈው ትልቁ ሕንጻ የልጆቹ ትምህርት ቤት ነው። ሞንካዳ ልጅ በነበረበት ዘመን በዚያ ሕንጻ ትምህርት የሚሰጠው በስፓኒሽ ብቻ ነበር። አሁን ቤተ መዘክር ሆኗል፤ ከሚያስጎበኛቸው ነገሮች አንዱ ልያውቶቹ እንዴት ይሠሩ እንደ ነበርና እንዴት ይጎተቱ እንደ ነበር ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።